ሊዮሉካ ኦርላንዶ፣ የቀድሞው የፓሌርሞ ከንቲባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሰው ሁሌ የሚነሱ ጥያቄዎችን ከቀላሉ ጀምሬ እስከ ከባዱ እዚህ አስቀምጫለሁ፣ ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሊዮሉካ ኦርላንዶ ማነው?

የሲሲሊ ዋና ከተማ የሆነችውን ፓሌርሞን በተለያየ ጊዜ፣ ሲደመር 22 ዓመት ገደማ፣ በከንቲባነት የመራ ጣሊያናዊ ፖለቲከኛ ነው። መጀመሪያ ከ1985 እስከ 1990፣ ከዛ ከ1993 እስከ 2000፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ከ2012 እስከ 2022። በ37 ዓመቱ ጀምሮ ወደ 75 ሲጠጋ ነው የጨረሰው።

ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ ማፊያ ከተማውን እንደ ርስቱ በሚቆጥርበት ጊዜ ማፊያን በአደባባይ ስሙን ጠርቶ የተናገረ ከንቲባ ስለሆነ ነው፣ ሁለተኛ ደሞ በባህር ለሚመጡ ስደተኞች ብዙ የአውሮፓ ፖለቲከኛ ፊቱን ሲያዞር እሱ ወደብ ድረስ ወርዶ እንኳን ደህና መጣችሁ ይል ስለነበረ።

ከምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?

የደሃ ልጅ አይደለም። ኦገስት 1 ቀን 1947 እዛው ፓሌርሞ ነው የተወለደው፣ አባቱ የህግ ፕሮፌሰር ነበር፣ እሱም የኢየሱሳውያን ካህናት በሚያስተምሩበት ጎንዛጋ በሚባለው ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ህግ አጥንቶ፣ ጀርመን ሃይደልበርግም ቆይቶ ተመልሶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ጀርመንኛ አቀላጥፎ ስለሚናገር ጀርመኖች በጣም ይወዱታል፣ በ1999 የጎተ ሜዳልያ በ2018 ደሞ የዱሰልዶርፍ ከተማ የሃይነ ሽልማት ሰጥተውታል። ስሙ ሊዮሉካ የሚለው የኮርሌዎኔ ከተማ ጠባቂ ቅዱስ ስም ነው፣ ኮርሌዎኔ ማለት ደሞ እነ ቶቶ ሪና የሚባሉት የማፊያ አለቆች የወጡባት፣ የማፊያው ጨካኝ ክንፍ የተነሳባት ከተማ ናት።

ፖለቲካ ውስጥ እንዴት ገባ?

በፒየርሳንቲ ማታሬላ በኩል ነው። ማታሬላ የሲሲሊ ክልል ፕሬዝዳንት ነበር፣ ኦርላንዶ ደሞ የህግ አማካሪው። ማታሬላ የመንግስት ጨረታ ከማፊያ እጅ እንዲወጣ መስራት ሲጀምር ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ለቤተክርስቲያን ሊወጣ ከቤተሰቡ ጋር መኪና ውስጥ እንዳለ ተኩሰው ገደሉት። የዛን እለት የደረሰለት ወንድሙ ሰርጂዮ ማታሬላ ነው፣ ዛሬ የጣሊያን ፕሬዝዳንት የሆነው እራሱ ሰርጂዮ።

ኦርላንዶ በዛው ዓመት በክርስቲያን ዴሞክራሲ ፓርቲ ስም ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰርጂዮ ማታሬላ የፓሌርሞን የፓርቲ ቅርንጫፍ እንዲያፀዳ ከበላይ ተሾመና በ1985 ኦርላንዶን ለከንቲባነት ያቀረበው እሱ ነው። ይሄን ሳያውቁ የኦርላንዶን ታሪክ ማንበብ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰውየው ከመጀመሪያው አለቃውን ቀብሮ ነው ወደ ስልጣን የገባው።

ከሱ በፊት ፓሌርሞ ምን ትመስል ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማፊያ ሲባል የሚያስበው ሽጉጥ ብቻ ነው፣ ፓሌርሞን ግን ከሽጉጥ በላይ የጎዳት ሲሚንቶ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ ከንቲባው ሳልቮ ሊማ ነበር፣ የግንባታ ስራዎች ሃላፊው ደሞ ቪቶ ቻንቺሚኖ፣ እሱም በኋላ ከንቲባ ሆኗል፣ ከዛም በማፊያ አባልነት ተፈርዶበታል። እነዚህ ሰዎች በነበሩበት ጊዜ በሺ የሚቆጠር የግንባታ ፈቃድ ጥቂት ስም አበዳሪ ግለሰቦች እጅ ገባ፣ የሎሚና የብርቱካን እርሻው ተነቅሎ ኮንክሪት ህንፃ ተተከለበት፣ ጣሊያኖች ሳኮ ዲ ፓሌርሞ ይሉታል፣ የፓሌርሞ ዘረፋ ማለት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ልጥቀስ። ቪላ ዴሊዬላ የሚባል በታዋቂው አርክቴክት ኤርኔስቶ ባዚሌ የተሰራ ውብ ቤት ነበር፣ ቅርስ ሆኖ በህግ ሊጠበቅ ትንሽ ሲቀረው በ1959 ኖቬምበር መጨረሻ ፈቃዱ በወጣ በሰዓታት ውስጥ፣ ያውም ለቅዳሜና እሁድ ቢሮ ሲዘጋ፣ ማፍረስ ጀመሩ። ቤቱ ፈረሰ፣ በምትኩ የተሰራ ነገር ግን የለም፣ ለአስርት ዓመታት ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ነው የኖረው። በዚህ ሁሉ መሃል አሮጌው የከተማ እምብርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ እንደፈረሰ ተተወ፣ ነዋሪው ወደ ዳር ዳሩ ተገፋ።

የፓሌርሞ ፀደይ የሚባለው ምንድነው?

ከ1985 እስከ 1990 ያለውን የኦርላንዶ የመጀመሪያ ዘመን ነው እንደዛ የሚሉት። ከዛ በፊት የነበሩት ዓመታት የደም ዓመታት ናቸው፣ ዳኛ፣ ፖሊስ፣ ጋዜጠኛ፣ ፖለቲከኛ እየተለቀመ ይገደል ነበር፣ በ1982 ጄኔራል ዳላ ኪየዛ ማፊያን እንዲዋጋ ከሮም ተልኮ በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሚስቱ ጋር ተገደለ። ሰው ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል፣ ማፊያ የሚባል ነገር የለም የሚል ባለስልጣን ሞልቷል። ከንቲባው ግን ማፊያ አለ፣ ማዘጋጃ ቤታችን ውስጥም አለ ብሎ ሲናገር ነገሩ ተቀየረ።

በፖለቲካም የራሱን ፓርቲ የድሮ ሸሪኮች ትቶ ከግራ ዘመሞች፣ ከአረንጓዴዎችና ከካቶሊክ የሲቪል ማህበራት ጋር አስተዳደር መሰረተ፣ መጨረሻ ላይ ኮሚኒስቶቹም ገቡ። በርሊን ግንብ ሳይፈርስ የክርስቲያን ዴሞክራሲ ከንቲባ ከኮሚኒስት ጋር አንድ ካቢኔ ውስጥ መቀመጡ ለሮም አለቆች የሚዋጥ ነገር አልነበረም።

ከንቲባ ፖሊስ አያዝም፣ ታዲያ ማፊያን በምን ሊዋጋ ይችላል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ጨረታ የሚለው ቃል ውስጥ ነው። የመንገድ ጥገና፣ የመብራት፣ የፍሳሽ ኮንትራት ለአስርት ዓመታት በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ተይዞ ነበር፣ ማፊያ ደሞ ገንዘቡን የሚያገኘው ከሃሺሽና ከሄሮይን ብቻ ሳይሆን ከዚህ ከማዘጋጃ ቤት ካዝናም ነው። ውሉን የሚፈርመው ከንቲባው ከሆነ አልፈርምም ማለት ይችላል።

ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው። በፌብሩዋሪ 1986 ኡቻርዶኔ እስር ቤት አጠገብ ለዚሁ ተብሎ በተሰራ የኮንክሪት አዳራሽ ውስጥ ትልቁ የማፊያ ችሎት ተጀመረ፣ ወደ 470 የሚጠጋ ተከሳሽ ነበረው፣ የፓሌርሞ ከተማም በዚህ ክስ ላይ እንደ የግል ተበዳይ ሆና ቀረበች። ይሄ የወረቀት ነገር ይመስላል ግን ትልቅ ነው፣ ከተማዋ እኔ ነኝ የተበደልኩት ብላ በህግ ፊት ቆመች ማለት ነው። በዲሴምበር 1987 ፍርዱ ሲሰጥ 19 ሰዎች እድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ሶስተኛው ትምህርት ቤት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ ዘመኑ ላይ ፓሌርሞ ውስጥ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የተዘጋ ቤተክርስቲያን ወይ አንድ የተረሳ አደባባይ ወይ አንድ ቤተመንግስት እንደ ልጅ ተቀበለ፣ ተማሪዎቹ ታሪኩን አጠኑ፣ ከዛ ቅዳሜና እሁድ በሩን ከፍተው ህፃናቱ እራሳቸው ለጎብኚና ለወላጅ አስጎብኚ ሆኑ። ኦርላንዶ ሁሌ የሚናገራት አንድ ምሳሌ አለችው፣ ከተማ እንደ ሲሲሊ ጋሪ ሁለት ጎማ አላት፣ አንዱ ህግ አንዱ ባህል፣ እኩል ካልዞሩ ጋሪዋ ባለችበት ትሽከረከራለች ይላል።

በ1990 ለምን ለቀቀ?

የገዛ ፓርቲው ነው ያስለቀቀው። ሮም ያሉት የፓርቲው አለቆች፣ በተለይ የዛን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የአንድሬዮቲ ወገን፣ የፓሌርሞን አስተዳደር ድጋፍ ነፈጉት፣ እሱም ስራውን ለቀቀ። በዛው ዓመት ሜይ ላይ በተደረገው ምርጫ ከ70 ሺ በላይ ሰው ስሙን ፅፎ መረጠው፣ ፓርቲው በሱ ምክንያት አብላጫ ወንበር አገኘ፣ ግን ያኔ ከንቲባ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ስለነበር ከንቲባ አላደረጉትም! ከዛ ወጥቶ በ1991 ላ ሬቴ (መረቡ) የሚባል የራሱን ንቅናቄ መሰረተ።

ቴያትሮ ማሲሞ ከሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቴያትሮ ማሲሞ በ1897 የተከፈተ፣ ከአውሮፓ ትላልቅ የኦፔራ ቤቶች አንዱ ነው። በ1974 ለጥገና ተብሎ ተዘጋ፣ ጥገናው ይሄ ቀረው ያ ቀረው እየተባለ 23 ዓመት ተዘግቶ ቆየ፣ አንድ ትውልድ ሙሉ በአጠገቡ እያለፈ ውስጡን ሳያይ አደገ። ሜይ 1997 በኦርላንዶ ጊዜ ነው የተከፈተው። የፓሌርሞ ሰው ስለሱ ዘመን ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳለት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የተዘጋው በር የከተማው በሽታ ምልክት ሆኖ ነበር።

ህጉ ከሁለት ዘመን በላይ አይፈቅድም ይባላል፣ ታዲያ እሱ እንዴት ያን ያህል ጊዜ ተመረጠ?

ህጉ የሚከለክለው ተከታታይ ሶስተኛ ዘመን ነው፣ ዘሎ መመለስን አይከለክልም። በዛ ላይ የ1985ቱ በአሮጌው ስርዓት በምክር ቤት የተመረጠበት ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነው ህዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ የሚመርጠው፣ ኦርላንዶም በ1993 በመጀመሪያው ዙር 75 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ተመለሰ፣ ያ ማለት ማፊያን ሲመረምሩ የነበሩት የፓሌርሞ ዳኞች ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ በተገደሉ በዓመቱ ነው፣ ከተማው ገና ሃዘን ላይ ነበር። በ1997 ደገመ።

በ2000 መጨረሻ ለቆ ለክልሉ ፕሬዝዳንትነት በ2001 ተወዳደረና በሰፊ ልዩነት በሳልቫቶሬ ኩፋሮ ተሸነፈ፣ ኩፋሮ በኋላ ማፊያን በመርዳት ተፈርዶበት በ2011 እስር ቤት ገብቷል። በ2007 ለከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፣ በ2012 ግን በሁለተኛ ዙር አሸነፈ፣ በ2017 ደሞ በመጀመሪያው ዙር። እንዲህ ወድቆ ወድቆ የሚነሳ ፖለቲከኛ ጣሊያን ውስጥም ብዙ የለም።

አሁን የት ነው ያለው?

በ2022 ጊዜው አልቆ ወረደ፣ ቦታውን የቀኝ ክንፉ ሮቤርቶ ላጋላ ያዘ። በ2024 ደሞ በአረንጓዴዎችና ግራ ህብረት ዝርዝር ለአውሮፓ ፓርላማ ተመረጠ፣ እዛ ከ1994 እስከ 1999ም ነበረ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የጣሊያን የአሜሪካን ፉትቦል ፌዴሬሽንንም በፕሬዝዳንትነት መርቷል።

ስለ ስደተኞች ያለው አቋም ምንድነው? የፓሌርሞ ቻርተርስ?

ማርች 2015 ላይ የወጣ ሰነድ ነው፣ ዋናው ሃሳቡ ሰው ካለበት ቦታ መንቀሳቀስ ሰብአዊ መብቱ ነው፣ ስለዚህ ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚባለው ነገር መቅረት አለበት የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ፓሌርሞ ሄጄ ያለ ሶጆርኖ መኖር እችላለሁ ማለት አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው የሀገሪቱ መንግስት ነው፣ ከንቲባ ያን መሰረዝ አይችልም፣ ቻርተሩ ጥሪ እንጂ ህግ አይደለም። ከንቲባው ፓሌርሞ ውስጥ ስንት ስደተኛ አለ ተብሎ ሲጠየቅ ግን አንድም የለም፣ ፓሌርሞ የሚኖር ሁሉ የፓሌርሞ ሰው ነው እያለ ይመልስ ነበር።

በተግባር ያደረገውም አለ። በ2013 የጣሊያን ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች ተወካያቸውን በድምፅ የሚመርጡበት የባህሎች ምክር ቤት ተቋቋመ። እኛ ሐበሾች ይሄን ታሪክ የምንከታተለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ በሊቢያ በኩል ያለፈ ስንት ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ የመጀመሪያ እግሩን ያሳረፈው ሲሲሊ ነው፣ ላምፔዱዛ፣ ፖዛሎ፣ አውጉስታ፣ ካታኒያ፣ ፓሌርሞ። ከዛ በረሃና ከዛ ባህር ወጥቶ ወደብ ላይ ከፖሊስ ቀድሞ ሰላም የሚል ከንቲባ ማየት ለሰው ክብሩን ይመልስለታል። ለነገሩ ፓሌርሞ ጥቁር ጠባቂ ቅዱስ ያላት ከተማ ናት፣ ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ወላጆች ተወልዶ የገዳም ወጥ ቤት ሲሰራ የነበረው፣ ማንበብ ሳይችል የገዳሙ አለቃ የሆነው ቤኔዴቶ፣ በ1589 ያረፈ።

በ2019 ከሳልቪኒ ጋር የተጣሉት በምንድነው?

የዛን ጊዜው የሀገር ውስጥ ሚኒስትር ማቴዮ ሳልቪኒ የፀጥታ ድንጋጌ የሚባል ህግ በ2018 አወጣ፣ በሱ መሰረት ጥገኝነት ጠያቂ አናግራፌ (የነዋሪዎች መዝገብ) ላይ መመዝገብ አይችልም ተባለ። ጣሊያን የኖረ ያውቀዋል፣ ሬዚደንሳ (የነዋሪነት ምዝገባ) ከሌለህ መታወቂያ የለህም፣ ሃኪም መመዝገብ፣ ስራ መቀጠር፣ ልጅ መዋእለ ህፃናት ማስገባት ሁሉ ይንዛዛብሃል። ኦርላንዶ ለመዝገብ ክፍሉ ሃላፊ ደብዳቤ ፅፎ ይሄን አንቀፅ እንዳትተገብሩ አለ፣ ጃንዋሪ 2019 ላይ ወሬው ሲወጣ ሳልቪኒ ተቆጣ፣ የኔፕልስና የፍሎረንስ ከንቲባዎች ደሞ ከኦርላንዶ ጎን ቆሙ።

ህግ አይከበርም ወይ ለሚሉት፣ ኦርላንዶ እራሱ የህግ ሰው ነው፣ ክርክሩም ከድንጋጌው በላይ ህገ መንግስቱ አለ የሚል ነበር። በጁላይ 2020 የጣሊያን ህገ መንግስታዊ ፍርድ ቤት የምዝገባ ክልከላውን እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ትክክል የነበረው ከንቲባው ነው።

የፓሌርሞ ሰዎች ግን ለምን ይናደዱበታል? ያልተቀበሩት ሬሳዎች ጉዳይ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ አለመናገርም ተገቢ አይደለም። ሮቶሊ በሚባለው የከተማው መቃብር ቦታ አለቀ፣ ብቸኛው የሬሳ ማቃጠያም በ2020 ተበላሸ፣ ከዛ ሬሳ ሳጥኖቹ ድንኳን ውስጥ እየተደረደሩ መጡ፣ በመጨረሻው ዘመኑ ማብቂያ ላይ ከ1000 በላይ ደርሰው ነበር። ቤተሰብ አበባ ይዞ እየሄደ እናቱን ድንኳን ውስጥ ከሌሎች ሳጥኖች መሃል ፈልጎ ያለቅስ ነበር። ለኛ ቀብር ምን ማለት እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ገንዘብ አልነበረም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሂሳብ ለኪሳራ ቀርቦ ነበር፣ ሰራተኛም እጥረት ነበር፣ ኮቪድም ነበር፣ ይሄ ሁሉ ምክንያት አለ። ቆሻሻ አለመነሳቱም እንደዛው። የኔ አስተያየት ግን፣ ሰውየው ትልቁን ነገር በመናገርና በማሳየት የሚስተካከለው አልነበረም፣ በየቀኑ የሚሰራውን አሰልቺ የማዘጋጃ ስራ የሚከታተል ጠንካራ ቡድን ግን በመጨረሻው አስር ዓመት አልነበረውም፣ ወይ ነበረው ግን አልጠየቀውም። ቪያ ማኬዳ የሚባለው ጎዳና ለእግረኛ ተለቆ፣ ትራም ተሰርቶ፣ ከተማው በ2018 የጣሊያን የባህል ዋና ከተማ ተብሎ፣ የዛው ከተማ ሰው ወላጁን መቅበር አልቻለም።

ታዲያ ማፊያ ጠፋ?

አልጠፋም። 30 ዓመት የተሰወረው ማቴዮ ሜሲና ዴናሮ ጃንዋሪ 2023 የተያዘው እዛው ፓሌርሞ፣ ክሊኒክ ሊታከም ሄዶ ነው። ማፊያ ከሱቅ በግድ የሚሰበስበው ፒዞ የሚባለው ግብርም አለ። የተቀየረው ግን ሰው ለማፊያ ያለው ፍርሃት ነው። በ1991 ፒዞ አልከፍልም ብሎ በይፋ የተናገረው ነጋዴ ሊቤሮ ግራሲ ብቻውን ነበር፣ ገደሉት። በ2016 ደሞ በባላሮ ገበያና በቪያ ማኬዳ አካባቢ ሱቅ ያላቸው፣ ብዙዎቹ ባንግላዴሾች፣ ተባብረው አስገዳጆቻቸውን ለፖሊስ ሰጡ፣ ሰዎቹም ታሰሩ። ስደተኞች ናቸው ይሄን ያደረጉት፣ እሱን ልብ በሉልኝ።

ፀረ ማፊያነቱን ለስልጣን ተጠቅሞበታል የሚባለውስ? ከፋልኮኔ ጋር የተጣላው እውነት ነው?

የመጀመሪያውን ክስ ያነሳው ሲሲሊያዊው ደራሲ ሊዮናርዶ ሻሻ ነው፣ በጃንዋሪ 1987 ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ላይ በወጣ ፅሁፍ ፀረ ማፊያነት የስልጣን መሰላል ሊሆን ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ፣ ፓሌርሞ ላይ ስለ ማፊያ በማውራት ጊዜውን ስለሚጨርስ ከንቲባም አነሳ። ሃሳቡ እንደ ሃሳብ ስህተት አይደለም። ግን በዛን ጊዜ ስለ ማፊያ ማውራት ያስገድል ነበር፣ ኦርላንዶ ለብዙ ዓመት በታጣቂ አጃቢ መሃል ነው የኖረው፣ ያንን ለሹመት ብቻ ብሎ የሚሸከም ሰው አለ ብዬ አላምንም።

የፋልኮኔው ግን ሌላ ነው። በ1990 ኦርላንዶ ቲቪ ላይ ወጥቶ የፖለቲካ ግድያዎቹ ማስረጃ በፍትህ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል አለ፣ ያ ንግግር ዞሮ ዞሮ ያረፈው ፋልኮኔ ላይ ነው። በ1991 ፋልኮኔ በዳኞች ከፍተኛ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ እራሱን እንዲከላከል ተደረገ፣ ማስረጃ በሌለበት በጥርጣሬ ብቻ ክስ አይመሰረትም ነበር መልሱ። ሜይ 23 ቀን 1992 ካፓቺ ላይ አውራ ጎዳናውን በፈንጂ አፈንድተው እሱን፣ ሚስቱንና ሶስት አጃቢዎቹን ገደሏቸው። የፋልኮኔ ቤተሰብ ኦርላንዶ ላይ ለረጅም ጊዜ ቅሬታ ነበረው፣ ልክም ናቸው። ኦርላንዶን በጣም አከብረዋለሁ፣ ለስደተኛው ያደረገውን አልረሳም፣ በዚህ ጉዳይ ግን ብቻውን የቀረ ዳኛን ይበልጥ ብቻውን አስቀርቶታል፣ እና ስለሱ ሲፃፍ ይሄ ገፅ መዘለል የለበትም።